"ረክተሻል?" ሲሉኝ "በጣም" አልኩ። ውሸቴን ነበር

የአንድ_ልጅ_እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም በቅጡ አልነገርኩትም። ዛሬ ግን እህቴ ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችኝና አፌ ተያዘ። ስለዚህ እዚህ ልተንፍሰው።

ልጄን ከወለድኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የወለድኩት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠራም፣ አትጠይቁኝ። ምጡ የጀመረኝ ማታ ነው። ባሌ ባጃጅ ይዞ መጣ፣ እናቴ ጋቢዋን ደርባ ተከተለችን። ከማዋለጃው በር ስንደርስ ጥበቃው "አስታማሚ እዚህ ይቁም" አለ። እናቴ አምስት የወለደች ሴት ናት። እሷን አግዳሚ ላይ አስቀምጠው እኔን ይዘውኝ ገቡ። እስክወልድ ድረስ አላየኋትም።

ክፍሉ ውስጥ አራት አልጋ አለ። በአልጋዎቹ መሀል መጋረጃ የሚሰቀልበት ብረት አለ። መጋረጃው ግን የለም። ያንን ባዶ ብረት እስካሁን በሕልሜ አየዋለሁ። እየመጡ በእጃቸው ይለኩኛል፣ እርስ በርሳቸው ቁጥር ይነጋገራሉ፣ ይሄዳሉ። "አራት።" "አሁንም አራት።" "ስድስት።" አራቱ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሲሞላ እንደምወልድ የነገረኝ የለም። አንዴ ደግሞ ተማሪዎች ተከታትለው ገቡ። ስንት እንደነበሩ አላውቅም። አንገቴን ስላላነሣሁ ጫማቸውን ብቻ ነው ያየሁት። "ይፈቀድልናል ወይ?" ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስጮህ አንዷ ሲስተር "አሁን ምን ያስጮህሻል፣ ያኔ መች ጮህሽ" አለችኝ። ይቅርታ፣ ግን እንዲሁ ነው ያለችው። ከወለድኩ በኋላ የተቀደደውን ስትሰፋኝ ማደንዘዣው አልያዘኝም። ነገርኳት። "እየጨረስኩ ነው፣ ትንሽ ቻይ" አለች። ትንሽ አልነበረም።

ሊሸኙኝ ሲሉ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። "በአገልግሎቱ ረክተሻል? በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ መካከለኛ…" እያለች ታነባለች። ልጄ ጡት ይዟል። እናቴ አጠገቤ ሆና "ተመስገን፣ ተመስገን" ትላለች። ያቺው ሲስተር የክትባት ካርዱን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። "በጣም ረክቻለሁ" አልኩ። ልጅቷ ምልክት አድርጋ ወደ ሚቀጥለው አልጋ ሄደች።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ በኩል፣ ገጠር ናት። ስምንት ወሯ ነው፣ የመጀመሪያዋ። "እቤቴ ነው የምወልደው፣ አንቺ የሆንሽውን እማዬ ነግራኛለች" አለችኝ። እኔ ስደብቅ ለካ እናቴ አውርታለች! ምን ልበላት?


ሻይ_በዝንጅብል
ማክሰኞ፣ ማታ 3:25

ውይ እህቴን። ሳነበው የራሴ ታሪክ መሰለኝ። እኔም "በጣም ጥሩ" ነው ያልኩት። ለምን እንዳልኩ ዛሬ ገና ነው ያሰብኩት። ምክር የለኝም፣ ግን እዚሁ ነኝ።


ማማ_ከጌራ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:02

የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፣ እኔ እየነገርኳት ነው።

ስድስት ወልጃለሁ። አራቱን እቤቴ፣ ሁለቱን ጤና ጣቢያ። እቤት መውለድ ደግ ነበር፣ አልዋሽም። እሳቱ ይነዳል፣ ባናው ይነጠፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ ወገብሽን ትይዛለች፣ አንዷ ቅቤ ታሻለች፣ የቀሩት "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። የሚነካሽ የሚያውቅሽ ሰው ነው። ብትጮኺ የሚቆጣሽ የለም። ገንፎው ከዚያው ከምድጃው ይወጣል።

አራተኛውን ስወልድ የእንግዴ ልጁ አልወርድ አለ። አዋላጇ የአክስቴ ልጅ ነበረች፣ እጇ የተባረከ ነው ትባላለች። "ጠርሙስ ንፊ" አለችኝ፣ ነፋሁ። ደሙ ግን አላባራም። የቅሬው፣ የዕድሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ማታ የተነሣን፣ ጤና ጣቢያ የደረስነው ወፍ ሲንጫጫ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የልጆቼ አባት ነበር። በየመንገዱ "አለሽ?" ይለኛል። "አለሁ" እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "አለሽ?" ይለኛል። በኋላ መመለስ አቃተኝ። እሱም መጠየቁን ተወ። ፈርቶ ነው የተወው፣ በኋላ ነገረኝ።

ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ በእጇ አወጣችልኝ። ስሜን አልጠየቀችኝም። ቆጣ ቆጣ ትላለች። እስከዛሬ ግን በጸሎቴ አነሣታለሁ፣ ስሟን ስለማላውቀው "ያቺ ሴት" እያልኩ።

እህትሽን እቤት እንዳትወልጂ በያት። የሰው ፊት ፈርታ እንደ እኔ ቃሬዛ ላይ እንዳትወጣ።


እውነቱ_ይነገር
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40

ይቅርታ አድርጉልኝና ትንሽ ተጋነነ። ልጅሽ በሕይወት አለ፣ አንቺም በሕይወት አለሽ፣ አንድ ብር አልከፈልሽም። ድሮ እናቶቻችን ምን አገኙ? እ.ኤ.አ. በ2000 በአገራችን ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህን ያወረደው እናንተ የምታሙት ባለሙያ ነው። መጋረጃ የለም ተብሎ ይለቀሳል?


ማማ_ከጌራ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15

አንተ ልጅ፣ ወልደህ ታውቃለህ?


ብርዱ_የለመደኝ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:31

ማማ ገደሉት 😂

እኔም ወንድ ነኝ፣ ግን "አንድ ብር አልከፈልሽም" ለሚለው መልስ አለኝ። ባለቤቴ የወለደችው ኅዳር ላይ፣ ደብረ ብርሃን ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ነው። ግቢው ውስጥ ቆሜ ነው ያደርኩት። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ግድግዳውም ላይ ተጽፏል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ወረቀት ወጣልኝ፦ ጓንት፣ መስፊያ ክር፣ ግሉኮስ። "እኛ ጋ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ።" ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። የከፈልኩት ገንዘብ ብዙ አይደለም። ያናደደኝ፣ ስመለስ ማን እንደሚቀበለኝ እንኳ አላወቅሁም። በሩን አንኳኳሁ፣ አንድ እጅ ወጥቶ ዕቃውን ተቀበለኝና ተዘጋ። "እንዴት ናት?" ብዬ የጮኽኩት ለበሩ ነው። ልጄ መወለዷን የነገረኝ ወለል የሚያጸዳ ልጅ ነው። ደግነቱ ለእሱ ጉርሻ ሰጠሁት።


አዋላጅ_ነኝ
ረቡዕ፣ ማታ 2:50

ትናንት አንብቤው ሳልመልስ ተኛሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ በዚሁ ዞን። የትኛው ቦታ እንደምሠራ አልናገርም።

በመጀመሪያ ለጽሑፉ ባለቤት፦ ያቺ ሲስተር ያለችሽ ነገር ነውር ነው። ድካም ነው፣ ሥራ ብዛት ነው ብዬ አላለብሰውም። ማደንዘዣው ሳይዝሽ መስፋቷም ስህተት ነው። "አልያዘኝም" ስትያት ቆም ብላ መድገም ነበረባት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው።

ቁጥሩን ላስረዳሽ። "አራት፣ ስድስት" የሚሉት የማሕፀን በር የተከፈተበትን ሴንቲ ሜትር ነው። አሥር ሲሞላ መግፋት ይጀመራል። ይህን ለመንገር አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል። እኛ የምንዘነጋው ለእኛ በቀን ሃያ ጊዜ የሚባል ቃል ስለሆነ ነው። "አሁንም አራት" ማለትም ብልሽት ማለት አይደለም። ድሮ ስንማር በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ካልጨመረች ችግር አለ እንል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ይህን ትቶታል። እስከ አምስት ድረስ ምጥ ቀስ ሊል ይችላል። ከአምስት በኋላም ለመጀመሪያ ወላጅ እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህን ብትሰሚ ኖሮ ያን ሌሊት ግማሹ ፍርሃት አይኖርም ነበር።

ያው መመሪያ ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን ይላል። ታዲያ እናትሽን ለምን አስቀሯት? መልሱ ያ ያልሽው ባዶ ብረት ነው። አራት ሴቶች ተገላልጠው በተኙበት ክፍል የአንቺን እናት ባስገባ፣ የቀሩት ሦስቱ በእንግዳ ሰው ፊት ይወልዳሉ። የአንዷን ባል ባስገባማ ጉድ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አስቀርተን በሩን እንዘጋለን። እኛ ጋ መጋረጃው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለእጥበት ወርዶ አልተመለሰም። ጠይቀናል፣ ግዢ ላይ ነው ተብሏል። አቶ እውነቱ ይነገር፣ መጋረጃ እንዲህ ነው የሚያስለቅሰው። መጋረጃ ቢኖር እናቷ ትገባለች። እናቷ ብትገባ ወገቧን የሚያሽላት፣ ውሃ የሚያቀብላት፣ እኔንም ደም ስታይ ሮጣ የምትጠራኝ ሰው አለ። አንዳንዴ በሌሊት ተረኛ ሁለት ሆነን ሰባት ወላድ እንይዛለን። አንዷን ስሰፋ ሌላዋ ትጮኻለች። እኔም ቁጡ የሆንኩባቸው ሌሊቶች አሉ። አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ፣ ከቀይት በኩል የመጣች። "ዝም በይ" ብዬ ጮኽኩባት። ወዲያው ዝም አለች፣ እስክትወልድ ቃል አልወጣትም። ያ ዝምታ ከጩኸቱ ባሰብኝ።

እማማ፣ እርስዎን ያዳነችዎት ሴት ትባረክ። ዛሬ ልጁ እንደተወለደ ወዲያው ጭን ላይ አንድ መርፌ እንወጋለን፣ ኦክሲቶሲን ይባላል። ማሕፀኑ እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም ነው። እቤት ይህ የለም። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት በጓዳ የሚያዝ ነገር አይደለም።


እውነቱ_ይነገር
ረቡዕ፣ ማታ 3:05

የመጋረጃውን ነገር እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። ተቀብያለሁ። ማማ፣ አልወለድኩም 🙏


ቆላዋ
ረቡዕ፣ ማታ 3:40

እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ሁሉም መጥፎ እንዳይመስል የእኔንም ስሙኝ።

የመጀመሪያዬን የወለድኩት ጤና ጣቢያ ነው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ማራገቢያው ደግሞ ተበላሽቷል። አዋላጇ ልጅ እግር ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። ስገባ ስሟን ነገረችኝ፣ ስሜን ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ አንዴም "አንቺ" ብላ አልጠራችኝም። እናቴን አስገባቻት። "አልጋ ላይ መተኛት ግዴታ አይደለም፣ ደስ እንዳለሽ ሁኚ" አለችኝ። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ስር ስመላለስ ቆየሁ። ሲብስብኝ ቁጢጥ አልኩ፣ እናቴ ከኋላ ደግፋ ያዘችኝ። ልጁን ደረቴ ላይ አድርጋ በነጠላዬ ሸፈነችን። "ገላውን ዛሬ አታጥቡት፣ ለነገ ይቆይ" አለች። እናቴ ትንሽ አጉረመረመች፣ ግን ተወችው። ቡና ተፈላ፣ ገንፎ ከቤት መጣ፣ እዚያው እልል ተባለ። ከእኔ ጋር ያለችው ወላድ ዘመድ አልነበራትም፣ እሷም ከገንፎው በላች።

ሁለተኛዬን ግን እዚያው ጀምሬ ደም ግፊቴ ከፍ አለ። ወዲያው ሪፈር አሉኝ። አምቡላንሱ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበርን ሲወጣ የለበስኩት ስስ የቆላ ቀሚስና ነጠላ ነው። ዋሻው ጋ ስንደርስ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ከምጡ ይሁን ከብርዱ አላውቅም። ሾፌሩ አቁሞ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። ደብረ ብርሃን በኦፕራሲዮን ተገላገልኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ያናገረኝ ሰው ጥቂት ነው። ሕይወቴን ያተረፉት ግን እነሱ ናቸው።

አሁን "የትኛው አረካሽ?" ብትሉኝ ምን እላለሁ? ልቤ ጤና ጣቢያው ጋ ነው፣ ነፍሴ ሆስፒታሉ ጋ። ጃኬቱን ሳልመልስ ቀረሁ፣ እሱ ይቆጨኛል።


መዝገብ_ያዥ
ሐሙስ፣ ቀን 6:20

ለብዙ ዓመት የጤና መረጃ ላይ ሠርቻለሁ። እነዚያን "ረክተሻል?" የሚሉ ወረቀቶች ስደምር ነበር። ስለዚህ ትንሽ ልናዘዝ።

የቁጥሩን ነገር ካነሣን፣ በአገራችን ጤና ተቋም የሚወልዱ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 5 በመቶ ነበሩ። በ2016 26፣ በ2019 48 በመቶ ደረሱ። ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የዞሩበት፣ የአምቡላንሱም ውጤት ነው። ግን ተመልከቱ። ሴቷን እስከ በሩ ለማምጣት ነው የሮጥነው። ከበሩ በኋላ ምን እንደሚገጥማት መጠየቅ የጀመርነው ዘግይተን ነው። ጤና ሚኒስቴር "ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" ባለሙያ የሚለውን መፈክር ዋና ጉዳይ አድርጎ የያዘው በ2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ነው።

እርካታን የሚለኩ ጥናቶችም አሉ። ለምሳሌ በክልላችን፣ በአማራ፣ ሪፈራል ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ሙሉ በሙሉ ረክተናል ያሉትን እናቶች 61.9 በመቶ ያደርጋቸዋል። ብዙ ነው ትላላችሁ? ትንሽ ነው ትላላችሁ? እኔ ሁለቱንም ማለት አልችልም። ምክንያቱም የጽሑፉ ባለቤት የነገረችን ነገር በየወረቀቱ አለ። ጥያቄው የሚጠየቀው ሴትየዋ ከመውጣቷ በፊት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ጋውን በለበሰ ሰው ነው። ልጇ በሕይወት አለ። በእኛ አገር ለወለደች ሴት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ነው የሚባለው። ምሕረት ያገኘ ሰው ስለ መጋረጃ አቤቱታ ያቀርባል እንዴ? "ተመስገን" ትላለች። እኛ "ተመስገን" ያለችውን "በጣም ረክቻለሁ" ውስጥ እንጽፋለን።

ሌላም አለ። ከመጀመሪያው ስድብ ጠብቃ የመጣች ሴት ሳትሰደብ ብትወጣ ትረካለች። ደህና ነገር የጠበቀችው ከተማ ያደገች ልጅ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሲስተር ቅር ብሏት ትወጣለች። ወረቀቱ ላይ ግን የሚታየው አንዷ "4"፣ አንዷ "2" ብላ ነው።

እኔ ብሆን "ረክተሻል?" የሚለውን ጥያቄ እሰርዘው ነበር። "በስምሽ ጠርተውሻል? ከመንካታቸው በፊት ጠይቀውሻል? ሲያምሽ ተናግረሽ ምን አሉሽ?" እላለሁ። ይህም ከአርባ ቀን በኋላ፣ ቤቷ፣ ቡና እየተፈላ ነው መጠየቅ ያለበት። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ አቅርቤ "በጀት የለውም" ተባልኩ። ቡናው ይሁን ጥያቄው አልገባኝም።


የአንድ_ልጅ_እናት
ሐሙስ፣ ማታ 2:15

ሁላችሁንም አነበብኩ። ማማ፣ የእርስዎን ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። "አለሽ? አለሁ" የሚለው ጋ ስደርስ አለቀሰች። እኔም። አሁን "እቤት" ማለቱን ትታለች። ግን "የአንቺ ዓይነት ሲስተር ብትገጥመኝስ?" ትላለች። አዋላጅ ነኝ፣ እባክሽ ምን ታድርግ? ሆስፒታል ነው ጤና ጣቢያ?


አዋላጅ_ነኝ
ሐሙስ፣ ማታ 4:30

አሁን ከሥራ ወጣሁ፣ ስህተት ካለው ይቅርታ።

ክትትሏ ምን ይላል? ግፊቷ ደህና ከሆነ፣ ደም ማነስ ከሌላት፣ ልጁ አንድ ከሆነና ጭንቅላቱ ወደታች ከሆነ ጤና ጣቢያ በቂ ነው። ኦፕራሲዮን ግን አብዛኛው ጤና ጣቢያ አይሠራም። ስለዚህ ጤና ጣቢያውን ስትመርጥ "ሪፈር ቢመጣ ሆስፒታል በስንት ሰዓት እደርሳለሁ? አምቡላንሱ ይሠራል? መንገዱ ክፍት ነው?" ብላ ትጠይቅ። የሰሞኑን የመንገድ ነገር ታውቁታላችሁ፣ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ከሦስቱ አንዱ ካጠራጠራት ምጥ እስኪጀምራት አትጠብቅ፣ ቀደም ብላ ወደ ሆስፒታሉ ትጠጋ።

ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው ከቀኗ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማ ትግባ። አንዳንዱ ማቆያ ምግብ አለው፣ አንዳንዱ ራስሽን ቻይ ነው። መንዝ ስለሆነ ብርዱ አይቻልም፣ ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ትያዝ። በሶ፣ ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄት፣ የስልክ ባትሪ። ደም ዓይነቷን ትወቅ። ደም ቢያስፈልግ የሚለግስ ሁለት ዘመድ ካሁኑ ይታሰብ።

ደም ካየች፣ ጭንቅላቷን ክፉኛ ካመማት ወይም ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ የሽርት ውሃ ፈስሶ ምጡ ካልመጣ፣ ወይም ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ፣ ቀኗን አትጠብቅ። ያኔውኑ ትሂድ።

ስለ ሲስተሯ። እኔ የማውቀው ዘዴ አንድ ነው። አሁኑኑ፣ ሳያማት፣ ለክትትል ስትሄድ ማዋለጃ ክፍሉን "አሳዩኝ" ትበል። ብዙዎቻችን ደስ ብሎን እናሳያለን። እዚያው ስማቸውን ትጠይቅ። ምጥ ይዟት ስትመጣ "ሲስተር" ከማለት በስማቸው ትጥራቸው። ስሜን የምታውቅ ሴት ላይ ጮኼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እውነቴን ነው። "እናቴ ትግባልኝ"ንም ያኔ ትጠይቅ። ምጥ ላይ ሆና በር ላይ መከራከር ከባድ ነው። "መጋረጃ የለም" ካሏት…


ሻይ_በዝንጅብል
ሐሙስ፣ ማታ 4:34

መጋረጃ ይዛ ትሂዳ!! አቡጀዴ ስንት ነው?


አዋላጅ_ነኝ
ሐሙስ፣ ማታ 4:36

ልጽፈው ነበር 😂 አዎ። አንድ አንሶላ፣ ገመድና የልብስ መቆንጠጫ። ማሳፈሩ የእኛ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።


ብርዱ_የለመደኝ
ዓርብ፣ ጠዋት 1:50

የአቡጀዴውን እኔ ልቻል። ለዚያ ጽዳት ልጅ ከሰጠሁት ጉርሻ አይበልጥም።


የአንድ_ልጅ_እናት
ጥር 19፣ ማታ 3:00

የጠፋሁት በደስታ ነው። እህቴ ወለደች! የጥምቀት ማግስት፣ በሚካኤል ቀን፣ ሴት ልጅ።

እንደተባለው ማቆያ ገባች። አሥራ ሰባት ቀን። ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ነበሩ፣ እዚያ የተማማሉትን ጓደኝነት ብነግራችሁ አያልቅም። መጋረጃውን እኔ ነኝ ሰፍቼ የላክሁት፣ ሰማያዊ፣ ከታች ጥልፍ ያለው። እናቴ "ለሰርግ ነው ወይ?" አለች። እህቴ ቀድማ ሄዳ ክፍሉን አየች። ብረቱ እዚያም አለ፣ እዚያም ባዶውን ነው። ሰቀሉት። እናቴ ገባች።

አዋላጁ ወንድ ሆኖ ተገኘ። እህቴ መጀመሪያ አፍራ ልትመለስ ነበር። እሱ "እናትሽ ከፊትሽ ይሁኑ፣ እኔ ልነካሽ ስል እነግርሻለሁ" አላት። ሁልጊዜም ነገራት። ቁጥሩንም ለእናቴ በጣቱ እያሳየ ያስረዳ ነበር። "ሰባት ደረሰች፣ ሦስት ቀራት።" እናቴ አሁን ለሰፈሩ ሁሉ ስለ ሴንቲ ሜትር ታስተምራለች።

ሁሉም ማር ነበር አልልም። ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም። ወልዳ ደሟን የታጠበችው እናቴ ከታች ምንጭ በጄሪካን ቀድታ፣ አሙቃ ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ በስልክ መብራት ነው የተሰፋችው። ማደንዘዣው ግን ያዘ። ቆንጥጦ "ይሰማሻል?" ብሎ ጠየቃት።

በማግስቱ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ገመታችሁ። "በአገልግሎቱ ረክተሻል?" እህቴ፣ "በሰዎቹ ረክቻለሁ። ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም" አለቻት። ልጅቷ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ "እሱን የሚጻፍበት ቦታ የለም" አለች። እህቴ "ጀርባው ባዶ ነው፣ እሱ ላይ ጻፊልኝ" አለቻት። እስክትጽፍ ድረስም አለቀቀቻትም።

መጋረጃውን እዚያው ትተውት መጡ።


መዝገብ_ያዥ
ጥር 19፣ ማታ 3:12

እንኳን ማርያም ማረቻት። እኔ ወረቀቶቹን ስደምር ጀርባውን ገልጬ አላውቅም። ስንት ነገር ተጽፎበት ይሆን።


ማማ_ከጌራ
ጥር 19፣ ማታ 3:40

እልልል! እንኳን ማርያም ማረቻት። ሰማንያው ግን ሁዳዴ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ቆጥሬዋለሁ። ክርስትናውን በቀኑ አንሱ፣ ድግሱን ለፋሲካ አቆዩት። ለእናቲቱ ቅቤ እልካለሁ፣ አራስ ስለሆነች ጾሙ አይመለከታትም። መሐል ሜዳ የገበያ ቀን የሚመጣ ሰው ካለ ንገሪኝ፣ ላስይዘው።